ቱታይ መግቢያውን የዘጋ ጊዜ

ቱታይ የቫይማቱን መግቢያ በንዴት ዘጋው የሚሉ አሉ። ተናዶ ነበር፤ አልክድም። ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ያልተናደደ ሰው ከነበረ ወይ ተኝቷል ወይ ተገዝቷል። ነገር ግን በንዴት የተሠራ ሥራ ሁሉ ስሕተት ነው የሚለውን የሰባኪዎች ወሬ አልቀበልም። ቅጠሉን ማሰሩ ትክክል ነበር። የተሳሳተው በሌላ ነገር ነው፤ የልጁን ስልክ አላነሳም።

ደሴታችን አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ኮራሉ፣ ባሕር ውስጥ የሚያድገው ሻካራ ድንጋይ፣ እንደ አጥር ይዞራታል፣ ማዕበሉም ቀን ከሌት እዚያ አጥር ላይ ይፈነዳል። ሰውም ሆነ ዕቃ የሚገባው አያቶቻችን ኮራሉን ሰብረው ባበጁት ጠባብ መግቢያ፣ በቫይማቱ ብቻ ነው። መርከብ ሁሉ ውጭ፣ ጥልቁ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔ በጭነት ጀልባዬ እየተመላለስኩ ዱቄቱንም፣ ናፍጣውንም፣ ሙሽራውንም፣ ሬሳውንም አስገባለሁ። ቴሬ እባላለሁ። ኒው ዚላንድ፣ ኦክላንድ ሄጄ ሕግ ተምሬያለሁ፤ ከአለቆቼ ጋር ተጣልቼም ተመልሻለሁ። ከጀልባ ጋር መጣላት አይቻልም፤ ስለዚህ ተስማምተን እንኖራለን።

ቱታይ የአክስቴ ልጅ ነው። መግቢያው ፊት ለፊት ያለው መሬት የእሱ ነው፤ የዘሩ አለቃም እሱ ነው፣ ማታያፖ። የባሕሩን ዳር የመዝጋት ሥልጣን ከጥንት ጀምሮ የማታያፖው ነው። ዓሣ ሲመናመን፣ ቀንድ አውጣው ሲያልቅ፣ የኮኮናት ቅጠል ቆርጦ ምሰሶ ላይ ያስርና የተዘጋውን ነገር በሕዝብ ፊት በስሙ ይጠራዋል። ራኡይ ይባላል። ግዝት ነው። ዘብ የለውም፣ ወህኒ የለውም፤ ግን ያሰረው ሰው ራሱ እስኪፈታው ድረስ ማንም አያልፈውም። ሲያስር አንደኛ የሚታሰረውም እሱ ራሱ ነው። በወዲያኛው መንደር አንድ ማታያፖ ነበር፤ ለልጁ ሰርግ ዓሣ ሲያንሰው ያሰረውን ራኡይ ለአንድ ጠዋት ፈትቶ መልሶ አሰረው። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ቅጠል ምሰሶ ላይ በታየ ቁጥር ልጆቹ «የማን ሰርግ ነው?» ይላሉ። ሰውዬው ሞቷል፤ ቀልዱ አልሞተም። ዛሬ የዚያን ቤት ራኡይ ዶሮ እንኳ አይፈራውም።

ቱታይ ብቻውን ነው የሚኖረው። ሚስቱ እንደ ደንባችን በረንዳው ፊት ተቀብራለች፤ ከሰዓት በኋላ መቃብሯ ላይ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይሰማል። ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ኦክላንድ ናቸው። አንድ ልጅ በሄደ ቁጥር አንድ ክፍል እየዘጋ መጥቶ፣ በመጨረሻ በረንዳው ላይ ቀረ፤ አልጋውም፣ የምግብ ጠረጴዛውም፣ መላጫውም እዚያው ናቸው። የቀረችው ቴኩራ ነበረች። የባሕር እንስሳት ትምህርት ተምራ ስትመለስ እዚህ ሥራ አጣች። ያገኘችው ከባሕራችን ወለል ማዕድን ሊያወጣ የሚፈልግ አንድ ኩባንያ በተከራያት የጥናት መርከብ ላይ ነው፤ ከባሕሩ ወለል የወጣውን ጭቃ እያጠበች፣ በወንፊት እየነፋች፣ በዓይን የማይታዩ ትሎች መፈለግ።

ሥራውን እንደያዘች በነገረችው ቀን እኔም እዚያው በረንዳ ላይ ነበርኩ።

«ሌባ ቤት ሲገባ መብራት የምትይዥለት አንቺ ነሽ» አላት።

«መብራት የሚይዝ ባይኖር ሌባው ምን እንደወሰደ ማን ያያል፣ ፓፓ?»

«ሌባን አይተው አይመዘግቡትም። ይዘጉበታል።»

«እሺ ዝጋበት። እስከዚያ ግን እኔ ምን ልብላ? አንተን?»

እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። በማግስቱ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ስልኩን ይገለብጠዋል፤ ደወሉ ሲያልቅ ይመልሰዋል። አባት ሲያኮርፍ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ልጁ በሩን እንድታንኳኳ ይፈልጋል፣ ስታንኳኳ ደግሞ አይከፍትም።

አሁን ወደ ስብሰባው ልምጣ። የኩባንያው ሰዎች የመጡት በካርጎ መርከብ ነው፤ ያስገባኋቸውም እኔ ነኝ። ተናጋሪያቸው የዋናዋ ደሴታችን የራሮቶንጋ ልጅ ነው፤ አበባ የታተመበት ሸሚዝ ለብሶ፣ ሴቶቻችን የሰኩለትን የአበባ አክሊል ደፍቶ፣ በቋንቋችን ጸሎት አድርጎ ጀመረ። ቀጥሎ አንድ ጥቁር ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ አሳለፈ። ትንሽ ጎደሬ ያክላል፤ ላዩ ሻካራ ነው፣ ሲይዙት ይከብዳል። ውስጡ ኮባልት አለ፣ ኒኬል አለ፣ ማንጋኒዝ አለ። በሚሊዮን ዓመት ውስጥ የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ እንደሚያድግ ራሳቸው ነገሩን፤ የነገሩን ደግሞ እንደ ማስታወቂያ ነው። የባሕራችን ወለል በዚህ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ማሽን አውርደን እንለቅመዋለን፣ የመኪና ባትሪ ይሆናል፣ ዓለም ንጹሕ ኃይል ያገኛል አሉ።

ንጹሕ። ሰውዬው ይህችን ቃል እንደ ጸሎት ይደጋግማት ነበር። ንጹሕ ለማን? ሀብታሙ ዓለም ከሰልና ዘይት ሲያነድ ጭሱን ይሁንላችሁ ወይ ብሎ አልጠየቀንም። ባሕሩ ከፍ ብሎ የአባቶቻችንን መቃብር ሲልስ አልጠየቀንም። አሁን ንስሐ መግባት ሲያምረው የንስሐውን ዋጋ ከእኛ ጓዳ ሊያወጣ መጣ፤ ደግሞም አጨብጭቡልኝ ይላል። እኛንም አልምርም። ልጆቻችንን በየዓመቱ እንደ ሙዝ እየጫንን ወደ ኒው ዚላንድ የምንልክ እኛው ነን፤ ባሕሩን ማን ይጠብቀው? «ድንጋዩ ሥራ ያመጣል፣ ልጆቹ ይመለሳሉ» ብለው ያጨበጨቡት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ባዶ ቤት ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው።

ቱታይ ተነሥቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«እኛ ዓሣ ሲያልቅ እንዘጋለን። ሲመለስ እንከፍታለን። እናንተ ድንጋዩን ስትጨርሱ የምትዘጉት መቼ ነው? እስኪመለስስ ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል?»

ባለ አበባ ሸሚዙ ፈገግ አለ። «ፓፓ፣ እዚያ ጋ ባሕሩ አምስት ሺህ ሜትር ይጠልቃል። ቅጠልህን በምን ያህል ገመድ ልታስርልን ነው?»

የሳቀው የኩባንያው ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ቱታይ ይተወው ነበር። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ከንቲባው ሳቀ፣ ዲያቆኑ ሳቀ፣ ሦስት ሦስት ልጆቻቸውን አውስትራሊያ የላኩ ሽማግሌዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሰውዬው ደፈር ብሎ ቀጠለ፤ የጥናት መርከቧ በመጪው ሐሙስ ስትመለስ ደሴታችሁ ፊት ትቆማለች፣ ድንጋዮቹን ይዘን እንወርዳለን፣ ተማሪዎቻችሁ በእጃቸው ይዳስሷቸዋል አለ።

ቱታይ ወጣ። ከኮኮናቱ ላይ አንድ ቅጠል ቆርጦ፣ እየጎተተ በአዳራሹ ደጃፍ አለፈ፤ ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ። ሁላችንም ተከተልነው። መግቢያው አፍ ላይ ባለው ምሰሶ ቅጠሉን አስሮ፣ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ፣ እንደ ደንቡ በጎላ ድምፅ ጠራው።

«ከዚያች መርከብ የሚወርድ ድንጋይ፣ ከዚያች መርከብ የሚወርድ ጀልባ፣ ከዚያች መርከብ የሚወርድ እግር፣ በዚህ አይገባም። ይህ ሕዝብ በራሱ አፍ፣ ያለ ጎትጓች፣ ስለ ባሕሩ እስኪወስን ድረስ።»

ዲያቆኑ ሳይወድ በግድ ጸለየለት። ባለ አበባ ሸሚዙ አክሊሉን ከራሱ ላይ አወረደ። የራሮቶንጋ ልጅ ነው አላልኳችሁም? ገብቶታል።

የቱታይ ታላቅ እህት ማማ አፒ ይህን ሁሉ አላየችም። ወጥ ቤት ሆና ለእንግዶቹ ጎደሬ ታወጣ ነበር። ሕዝቡ ሊመለስ ሲል ጭልፋዋን እንደያዘች ወደ ባሕሩ ዳር መጣች።

«ምንድን ነው ያሰርከው?»

«መግቢያውን።»

«እኔ ያበሰልኩትን ሳትበላ? በማን ላይ ነው የዘጋኸው?»

«ከዚያች መርከብ በሚወርድ ሁሉ ላይ። በድንጋዩ፣ በጀልባው፣ በሰው እግር።»

ማማ አፒ ክፉ ምላስ ያላት ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ባሕሩ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ቴኩራ እዚያች መርከብ ላይ ናት» አለች።

«ቴኩራ ኦክላንድ ናት። ተራዋ አልቋል፣ ወንድሟ ጋ ሄዳለች።»

«ማን ነገረህ?»

«አስቤ ነው።»

«አስበህ። ስልክ ብታነሳ እኮ ማሰብ ባላስፈለገህ፤ ማሰብ ሆኖልህ አያውቅም። ተራዋ ሲያልቅ እንዲያቆዩአት ለምና ነው የቀረችው፣ መርከቧ በእኛ በኩል ስለምታልፍ። ሐሙስ እዚህ ልትወርድ ነው፣ ጓዟን ይዛ። ትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህር አጥቶ የለ? ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። አንተ ካስገባሃት ልትቀር፣ ካላስገባሃት በዚያችው መርከብ ራሮቶንጋ ወርዳ ወደ ወንድሟ ልትሄድ። ድንገት በረንዳህ ላይ ልናቆማት ነበር። ብንነግርህ ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ ፊትህን ጥለህ ትጠብቃት ነበራ።»

ቱታይ ወደ ምሰሶው አየ። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ነፋሱ ያወዛውዘዋል። ሁላችንም አየን። በዚያ ሰዓት ማንም አልሳቀም።

ሌላ መርከብ ትጠብቅ እንዳትሉ። የእኛ ካርጎ የምትመጣው ደስ ሲላት ነው፤ እስክትመጣ ትምህርት ይጀመራል፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል። ደግሞም ከራሮቶንጋ የሚነሳ ሰው የሚነሳው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። «እመለሳለሁ» ብለው የሄዱትን ብንቆጥራቸው እዚህ ካለነው ይበዛሉ።

ከሐሙስ በፊት ባለው ቀን ቱታይ ጀልባ ማቆሚያዬ ድረስ መጣ። የሞተሩን ካንዴላ እየቀየርኩ ነበር። መጥቶ ከጎኔ ቆመ።

«ፍታው» አልኩት።

«አልፈታውም።»

«እንግዲያው ከብርሃኔ ዞር በል፣ ማታያፖ። አይታየኝም።»

ዞር አለ። ቆየሁና፣ የተማርኩት ነገር አላስችል ብሎኝ፣ «ያልከው እኮ ‘በዚህ አይገባም’ ነው» አልኩት። «በሰሜን በኩል ግን ኮራሉ ላይ...»

«በሰሜን በኩል የገባ ሰው አለ?»

«አንድ ሁለት አሉ።»

«ተቀብረዋል አይደል?»

«አዎ፣ ተቀብረዋል። ሌላም አለ። እኔ በራሴ ጀልባ ባመጣትስ? የመርከቧ ጀልባ አይደለም።»

«እግር ብያለሁ።»

«ጫማ ታደርጋለቻ።»

«ቴሬ፣ ሕግህን ወስደህ ለፍርድ ቤት አድርገው» አለኝ። «እዚያ አምስት ሺህ ሜትር ላይ ያለውን ነገር ሊወስዱ የመጡት እንዲህ እንዳንተ የተማሩ ናቸው። በየቃሉ መሐል ቀዳዳ አይተው ይገባሉ። እኔም ባሰርኩት ቅጠል ውስጥ ቀዳዳ ልፈልግ?»

ክርክር የምወደው እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። መፍቻዬን ግን አስቀመጥኩ።

«ታዲያ ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ወደ መርከቧ ውሰደኝ። መግባትን እንጂ መውጣትን አልዘጋሁም።»

በማግስቱ ሊሄድ ሲል ማማ አፒ ቤቱ ገብታ አየች፤ የቴኩራን ክፍል ከፍቶ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥቶ፣ መስኮቶቹን ጠርጎ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ቅርጫት ሙሉ ምግብ አዘጋጅታ ሰጠችን፤ በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለ የጉድጓድ ምድጃ ሥጋ፣ በሎሚና በኮኮናት ወተት የተነከረ ጥሬ ዓሣ፣ የተጠበሰ የዳቦ ፍሬ። «ከበላች ትበላ» አለች፤ ከዚያ ለእኔ ብቻ፣ «ካልመጣችም ቅርጫቴን መልሱልኝ» አለችኝ።

ትንሿን ባለሞተር ጀልባ ይዘን ወጣን። በምሰሶው ሥር ስናልፍ ቱታይ ቀና ብሎ አላየም። መርከቧ ውጭ ቆማለች፤ ነጭና ሰማያዊ፣ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን የምትረዝም። ቀርበን ሞተሬን ሳጠፋ የእሷ ሞተር ውስጥ ውስጡን ሲያጉተመትም ይሰማል። የብረት ግድግዳዋ ሥር ስትሆን ሰማይ ይጠፋል። ጀልባቸውን አላወረዱም፤ እንደተሰቀለች ናት። ከላይ የመርከቧን የብረት አጥር ተደግፋ ቴኩራ ቆማለች፣ ብርቱካንማ የሥራ ልብስ ለብሳ፣ ፀጉሯን አስራ። ከኋላዋ ሁለት የመርከቧ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸን ጀመር።

«ፓፓ» አለች።

«ከስተሻል።»

«አንተ ደግሞ ተላጭተሃል። ምን ሆነህ ነው?»

ቱታይ አገጩን ዳሰሰ። «ስልክ አላነሳሁም» አለ።

«አውቃለሁ። የምደውለው እኔ እኮ ነኝ።»

ገመድ ጣለችልን፤ ቅርጫቱን አሰርኩት፣ ጎተተችው። ከፍታ አሸተተችና ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሁሉንም ለሁለት ከፈለች፤ ግማሹን ትሪ ላይ አድርጋ፣ ግማሹን ቅርጫቱ ውስጥ ትታ መልሳ አወረደችው። እሷ አጥሩን ተደግፋ በጣቷ መብላት ጀመረች። ቱታይ ጀልባዬ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከታች በላ። ማዕበሉ ከፍ ሲያደርገን ይቀራረባሉ፣ ዝቅ ሲያደርገን ይራራቃሉ። አንድ ገበታ ላይ እንዲህ ተራርቆ የተቀመጠ ቤተሰብ አይቼ አላውቅም። እኔም ተርቤ ነበር፤ ግን እጄን አልዘረጋሁም።

«ማማ አፒ ጨው አብዝታለች» አለች ቴኩራ።

«ሁልጊዜም እንደዚያው ናት።»

«እንዳትነግራት።»

«አልነግራትም።»

በልተው ሲጨርሱ ቱታይ ተነሣ። ጀልባዋ ተናወጠች፣ ትከሻዬን ያዘ።

«ቴኩራ፣ ነይ ውረጂ። ዕቃሽን ለቴሬ ስጪው። መግቢያው አፍ ላይ ስንደርስ እፈታዋለሁ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ይህ ትናንት ሕግህን ወስደህ ያለኝ ሰው ነው።

«ለማን ብለህ?» አለች ቴኩራ።

«ለልጄ።»

«መንደሩ ነገ ምን እንደሚል ታውቃለህ።»

«ይበል።»

ትሪውን አስቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ የሚቀርጸው ሰው እንዳይሰማ ይመስለኛል፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ውኃው ላይ ግን ድምፅ ይደርሳል።

«ፓፓ፣ እኔ በድንጋዩ ነገር ካንተ ጋር አይደለሁም። ካንተ ጋር ነኝ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። ምናልባት ጥቂቱ ሊወሰድ ይችል ይሆናል፣ በጥንቃቄ። ምናልባት ጨርሶ መነካት የለበትም። ጭቃውን ስነፋ ከረምኩ፤ ማንም ስም ያላወጣላቸውን ነገሮች አየሁ፤ ግን እስካሁን አላውቅም። ይህን ግን አውቃለሁ። ትናንት ካፒቴኑ ጠራኝና ‘ብንገባ ምን ያደርጉናል?’ አለኝ። ምንም አያደርጓችሁም አልኩት። ‘ታዲያ ምንድን ነው?’ አለ። ማንም ገብቶ አያውቅም አልኩት። ቆይቶ ጀልባዋ እንዳትወርድ አዘዘ። በቃ። የእነሱ ሰዎች ጠበቃ አላቸው፣ መሐንዲስ አላቸው፣ ሚኒስትር ምሳ ይጋብዛሉ። ዘንድሮ ‘አይሆንም’ ሲባሉ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በአንድ የኮኮናት ቅጠል ነው። ለእኔ ብለህ ፈትተኸው እኔ እዚያ ገብቼ ምን አስተምራለሁ?»

«ልጆቹን ታስተምሪያለሽ።»

«የማን ልጅ መሆኔን እያወቁ?»

ቱታይ ትከሻዬን እንደያዘ ነው። ጣቶቹ ሲጠብቁ ተሰማኝ።

«እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ቴኩራ» አለ።

በሕይወቴ ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሚስቱ የሞተች ቀን እንኳ መቃብሩን ለመቆፈር ዶማ ፍለጋ ነው የሄደው። ወደ ውኃው አቀረቀርኩ።

ቴኩራ እጇን ልብሷ ላይ ጠረገች።

«አውቃለሁ፣ ፓፓ» አለች። «እኔም እዚህ ብቻዬን ነኝ። ሃምሳ ሰው አለ፣ ማንም እንዳንተ አይጨቀጭቀኝም።» ለመሳቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። «አትፍታው። እለምንሃለሁ። ከፈታኸው ደግሞ አልወርድም።»

ከኋላዋ አንዱ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። መሄድ አለባቸው።

«መቼ ይፈታል?» አለችው።

«ሕዝቡ በራሱ አፍ ሲወስን።»

«ያ እኮ ረጅም ነው።»

«ረጅም ነው።»

«እስከዚያ ወንድሜ ጋ ነኝ። ስደውል አንሳ።»

«አነሳለሁ።»

ገመዱን ፈታሁ። የመርከቧ ሞተር ከፍ አለ፣ ውኃው ከሥሯ ነጭ ሆነ፣ እኛን ገፋን። ቴኩራ እጇን አላወዛወዘችም፤ ቱታይም አላወዛወዘም። እንዲሁ እየተያዩ ራቁ፤ በመጨረሻ ከእሷ የሚታየው ብርቱካንማው ልብስ ብቻ ሆነ፣ ከዚያ እሱም የለም።

ሞተሬን ላስነሳ ስል «ቆይ» አለኝ። ቤንዚን አይደለም የሚያልቀው፣ ቀኑ ነው፤ ግን ቆየሁ። መርከቧ አድማሱ ላይ እስክትጠፋ ተንሳፈፍን። በመጨረሻ ጠየቀኝ።

«ባላስረው ኖሮ እዚህ ትቀር ነበር?»

በማንኛውም ነገር ላይ አስተያየት አለኝ። ጠላቶቼም ይመሰክሩልኛል። መኪናቸው እንዳያጨስ የእኛን ባሕር ሊያርሱ ስለሚመጡ ሰዎች እስኪነጋ ላወራችሁ እችላለሁ፤ ካሜራ ይዘው መጥተው ስለ ባሕራችን አልቅሰው በሳምንቱ ስለሚሄዱትም ሌላ ሌሊት አወራችኋለሁ። ለዚህ ግን መልስ አልነበረኝም። ምናልባት ትቀር ነበር። ምናልባት ቅጠሉ ለእሷም ምክንያት ሆኗት ይሆናል፤ ለወጣት ሴት ከሽማግሌ በረንዳ ኦክላንድ ይሻላል። ሁለቱንም አልነገርኩትም።

«አላውቅም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ «የነገርኳትን ሰማህ?» አለኝ።

«የትኛውን?»

«ስለ ራሴ የነገርኳትን።»

«የመርከቧ ሞተር ይጮኽ ነበር» አልኩት። «ምንም አልሰማሁም።»

አሁን ዞሮ አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ «ደግ» አለና አቀረቀረ።

በመግቢያው ስንገባ ማማ አፒ ዳር ላይ ቆማ ነበር። ከሩቅ ጀልባዋ ውስጥ ያለነውን ቆጠረችና፣ እኛ ሳንደርስ ፊቷን አዙራ ሄደች። ቅርጫቷንም አልጠየቀችም። ጀልባዋን ጎትተን አወጣናት፤ ሞተሩን ከኋላዋ ነቅለን በርሜሉ ውስጥ አቆምነው። ባሕር ገብቶ የወጣ ሞተር ጨው እንዳይበላው ወዲያው በዝናብ ውኃ ይታጠባል። ቱታይ ጨርቁን ከእጄ ወስዶ ማጠብ ጀመረ። ክዳኑን አጠበ፣ መዘውሩን አጠበ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አጥቦ አደረቀ። ጨርሷል ብዬ መሣሪያዬን ሰበሰብኩ። ወደ ቤቱ ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ባልዲውን ከበርሜሉ ሞልቶ፣ ክዳኑን እንደገና አንሥቶ፣ የታጠበውን ሞተር ከመጀመሪያው ጀምሮ ያጥበው ጀመር።

ተው አላልኩትም። ሌላ ጨርቅ ፈልጌ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።